ያለ ክራክ፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ፦ ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም እንዴት እንምረጥ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የታናሽ እህቴ ኒካሕ ሲታሰር ቀረጻው የእኔ ሥራ ነበር። ካሜራ ተበድሬ ቀረጽኩ፤ ማታውኑ ቪዲዮውን ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ፣ ካሜራውን ለባለቤቱ ስለምመልስ ካርዱን አጸዳሁት። ኤዲት ማድረጊያ ፕሮግራም ስላልነበረኝ በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ወደ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ። ልጁ «ወንድሜ፣ ሙሉው ነው፤ ዕድሜ ልክ አይከፈልበትም» ብሎ ጫነልኝ። ሲጭን አንቲቫይረሱን «ያስቸግራል» ብሎ አጠፋው። እኔም ዝም አልኩ።

ሦስት ቀን ያለ እንከን ሠራ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት ከእያንዳንዱ ፋይል ስም ኋላ የማላውቀው ቃል ተቀጥሏል፤ በየፎልደሩም ገንዘብ ካልከፈላችሁ ፋይሎቻችሁን አታገኙም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀምጧል። ፎቶዎቹ፣ የሥራ ሰነዶቹ፣ የኒካሑ ቪዲዮ ሁሉም ተቆልፈዋል። አባታችን በዚያ ዕለት ለሙሽሮቹ ያደረገው ዱዓ ያለው በዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። አባታችን አሁን በሕይወት የለም፤ አላህ ይዘንለት።

እንዲህ ዓይነቱ ቫይረስ ራንሰምዌር ይባላል። ተራ የቤት ተጠቃሚዎችን ከመቱት ውስጥ በጣም የተሠራጨው ስቶፕ ወይም ጅቩ እየተባለ የሚጠራው ሲሆን ከ2018 ጀምሮ በዋናነት የሚጓዘው ክራክ በተደረጉ ፕሮግራሞች ውስጥ ተደብቆ ነው። ኤምሲሶፍት የተባለው የደኅንነት ድርጅት በ2019 ለቆዩት የቫይረሱ ዓይነቶች ነፃ መፍቻ አውጥቷል። ለአዲሶቹ ግን አልሠራም። የእኔም ከአዲሶቹ ነበር።

የክራክን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ጉዳዩ የቫይረስ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1988 በኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤው የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። ዝርዝሩን ለዑለማዎች እተዋለሁ። እኔ ማለት የምፈልገው ሌላ ነው፦ ለቤት ሥራ ክራክ አያስፈልግም። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ምርጫው በጣም ጠባብ ነበር፤ ዛሬ አምስት ሳንቲም ሳይከፈልባቸው፣ በቪዲዮው ላይ ምልክት ሳያትሙ፣ ኢንተርኔትም ሳይፈልጉ የሚሠሩ ሙሉ ፕሮግራሞች አሉ። ችግሩ ለየትኛው ኮምፒውተር የትኛው እንደሚሆን አለማወቅ ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን እዩ

ብዙ ሰው ሲጠይቀኝ የሚጀምረው «ምርጡ ፕሮግራም የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ የምመልሰው «ራምህ ስንት ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል ውስጥ ሜሞሪ (ራም)፣ ሲፒዩ፣ ዲስክና ጂፒዩ በየተራ ተዘርዝረዋል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን ኤችዲዲ እዚያው ይጽፍላችኋል።

4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል ይችላል፤ ግን ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘግታችሁ፣ በትዕግሥት ነው። 8 ጊጋባይት ካለው የስልክ ቪዲዮን በ1080ፒ ጥራት በአግባቡ ኤዲት ታደርጉበታላችሁ። 4ኬ ለሚሉት ጥራት 16 ያስፈልጋል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለውና ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ሰው ከሁሉ በፊት ኤችዲዲውን አውጥቶ ኤስኤስዲ ቢያስገባ፣ ራም መጨመር የሚቻል ከሆነም 8 ቢያደርሰው ይሻላል። ያንን ገንዘብ በፕሮግራም ላይ ማዋል ትርፍ የለውም፤ የተከፈለበት ፕሮግራም በደካማ ማሽን ላይ ከነፃው እኩል ይንቀረፈፋል።

ሰው የማያሰላው ሌላው ነገር የዲስክ ቦታ ነው። አይፎን በ1080ፒ ሲቀርጽ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ያህል፣ በ4ኬ ሲቀርጽ ደግሞ 170 ሜጋባይት ያህል እንደሚወስድ ራሱ የስልኩ ሴቲንግ ይነግራችኋል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ሠርግ በ1080ፒ ከ7 ጊጋባይት በላይ፣ በ4ኬ ከ20 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ኤዲት ስታደርጉ የሚፈጠሩት ጊዜያዊ ፋይሎችና የሚወጣው አዲስ ቪዲዮ በዚያ ላይ ይጨመራሉ። የተቀረጸውን እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ ሳይኖራችሁ አትጀምሩ። ቪዲዮው የሚታየው በስልክ ከሆነ ደግሞ በ4ኬ መቅረጽ ራስን ማድከም ነው፤ 1080ፒ ይበቃል።

ሾትከት፦ አብዛኛው ሰው ከዚህ ቢጀምር የምለው

ሾትከት ነፃና ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ዳን ዴኔዲ የተባለ ባለሙያ በ2011 እንደገና ጽፎት እስከ ዛሬ ያለማቋረጥ ይሻሻላል። በዊንዶውስ፣ በማክም ሆነ በሊኑክስ ይሠራል። የመጫኛ ፋይሉ በጥቂት መቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ በስልክ ዳታ እንኳ ይወርዳል። አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ኢሜይል አይጠይቅም፣ ቪዲዮው ላይ ስሙን አይለጥፍም። በዊንዶውስ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራ ዕትምም ስላለው የራሱ ኮምፒውተር ለሌለውና በዘመድ ቤት ለሚሠራ ሰው ይመቻል።

ገጽታው ሲከፈት አያምርም፤ ይህን አልደብቅም። የመጀመሪያው ቀን ግራ ያጋባል። ግን ለቤት ሥራ ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር ነው። ቪዲዮውን ጎትታችሁ ታች ካለው ታይምላይን ላይ ታስቀምጣላችሁ። መቁረጥ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ቆማችሁ የ«ኤስ» ቁልፍን ስትጫኑ ቪዲዮው ለሁለት ይቆረጣል። የማትፈልጉትን ቁራጭ መርጣችሁ «ኤክስ» ስትጫኑ ቁራጩ ይወጣል፣ ክፍተቱም ይዘጋል። በእነዚህ ሁለት ቁልፎች ብቻ የሁለት ሰዓት ቀረጻን ወደ ሃያ ደቂቃ ማውረድ ይቻላል።

ደካማ ኮምፒውተር ላላችሁ ትልቁ ነገር ፕሮክሲ የሚባለው አሠራር ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ፕሮክሲን ስታበሩ፣ ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ትልቅ ቪዲዮ ትንሽና ቀላል ቅጂ ያዘጋጃል። ስትቆርጡና ስትቀጥሉ የምትሠሩት በቀላሉ ቅጂ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ግን ፕሮግራሙ ዋናውን ጥራት ያለውን ፋይል ይጠቀማል። በየሁለት ሰከንዱ የሚቆም ቪዲዮ በዚህ ዘዴ ይፈታል። ቅጂዎቹ እስኪዘጋጁ ጊዜ ይወስዳል፤ ከመተኛታችሁ በፊት ጀምራችሁት ብታድሩ ጠዋት ዝግጁ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ መብራት ካልጠፋ።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስደነግጥ፣ ከታወቀ ግን የማያስቸግር ነገርም አለ። ስልኮች ሲቀርጹ በሰከንድ የሚወስዱት የምስል ብዛት እንደ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ የተነሳ ረጅም ቪዲዮ ኤዲት ሲደረግ መጀመሪያ ላይ ድምፁና የአፍ እንቅስቃሴው ገጥሞ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል። ሾትከት እንዲህ ያለ ፋይል ሲያገኝ ለኤዲት ወደሚመች ዓይነት ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው መልእክቱን ሳያነብ ይዘጋዋል። አትዝጉት፤ ይቀይር።

የሾትከት ፕሮጀክት ፋይል በጣም ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ቪዲዮው በውስጡ የለም። ቪዲዮው የት እንዳለ ብቻ ነው የሚመዘግበው። ይህ ሌሎቹም ፕሮግራሞች የሚሠሩበት መንገድ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱን ከጀመራችሁ በኋላ ቪዲዮዎቹን ወደ ሌላ ፎልደር ብታዛውሩ ወይም ፍላሹን ብትነቅሉ ፕሮግራሙ ፋይሎቹ ጠፉ ይላል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ፎልደር ከፍታችሁ ቪዲዮውን፣ ድምፁን፣ ፎቶውንና ፕሮጀክቱን አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ ሳትነካኩ ሥሩ።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ፦ ጠንካራ ማሽን ላለው

ይህ ፕሮግራም መነሻው የፊልም ቀለም ማስተካከያ መሣሪያ ነው። ድሮ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚሸጥ፣ ትላልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ የሚያስገቡት ነገር ነበር። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን በ2009 ባለቤቱ ከሆነ በኋላ ዋጋውን አውርዶ በ2011 ነፃ ዕትም አወጣለት። ዛሬ ነፃው ዕትም እስከ 4ኬ ድረስ ያለ ምልክት ያወጣል። ስቱዲዮ የሚባለው የሚከፈልበት ዕትም 295 ዶላር ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ እንጂ በየወሩ የሚጠየቅ አይደለም።

ሠርግ እየቀረጸ ገቢ ማግኘት የሚያስብ ወጣት ይህን ቢማር እመክራለሁ፤ ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነ የተማረው አይባክንም። ነገር ግን 16 ጊጋባይት ራምና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። በ8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ጭነው «አይሠራም፣ ይዘጋብኛል» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ ስህተቱ የፕሮግራሙ አይደለም። የመጫኛ ፋይሉም በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ፈልጉ። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ነፃው ዕትም በሊኑክስ ላይ ተራውን የስልክ ቪዲዮ ሳይቀየር ላይከፍትላችሁ ይችላል። በዊንዶውስም ቢሆን አዳዲስ ካሜራዎች በ10 ቢት የሚቀርጹት ቪዲዮ ስቱዲዮውን ሊጠይቅ ይችላል።

ሌሎቹን በአጭሩ

ኬደንላይቭ ከሾትከት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ነፃ፣ ምንጩ ክፍት፣ ፕሮክሲም አለው። ሊኑክስ ላይ ላሉ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ኦፕንሾት ከሁሉም ቀላል ሆኖ ለልጆችም ይሆናል፤ ረጅም ሥራ ላይ ግን የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ በየጥቂት ደቂቃው ሴቭ አድርጉ። ማክ ኮምፒውተር ያላችሁ አይሙቪ በነፃ ስላላችሁ ሌላ ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን ሞክሩ።

ዊንዶውስ 11 ላይ ክሊፕቻምፕ አብሮ ይመጣል። ማይክሮሶፍት በ2021 የገዛው ነው። እስከ 1080ፒ ያለ ምልክት በነፃ ያወጣል፤ ለመልመድም ቀላል ነው። ነገር ግን አካውንትና ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ካፕከትን ወጣቶቹ ከስልካቸው ጀምሮ ያውቁታል። የቲክቶክ ባለቤት የሆነው ባይትዳንስ ሥራ ነው። ለአጫጭር ቪዲዮ ፈጣን መሆኑን አልክድም። ሦስት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ለክፍያ የተለየ አንድ ኢፌክት እንኳ ውስጡ ካስገባችሁ ሥራውን ጨርሳችሁ ልታወጡ ስትሉ ክፈሉ ይላችኋል። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ያላችሁ እንደምታስታውሱት በጃንዋሪ 2025 ቲክቶክ ሲቋረጥ እሱም አብሮ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ግማሽ የደረሰ ሥራ ያለው ሰው በሰው እጅ ላይ ነው። ሦስተኛው የቤተሰብ ምስጢር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ፊልሞራ በየሱቁ በክራክ ከሚጫኑት አንዱ ነው። ከድርጅቱ ገጽ የሚወርደው ነፃው ዕትም ሁሉንም ያስሞክርና ሲወጣ ቪዲዮው ላይ ምልክት ያትማል። ምልክቱን ለማጥፋት ክራክ ፍለጋ የሚጀመረውም እዚያ ላይ ነው።

ከሚከፈልባቸው ውስጥ አዶቢ ፕሪሚየር ከ2013 ጀምሮ በኪራይ ብቻ ነው። በአሜሪካ ዋጋ በወር ከ20 ዶላር በላይ ስለሆነ በዓመት ከ240 ዶላር ያልፋል፤ መክፈል ያቆመ ቀን ፕሮግራሙ ይዘጋል። ማክ ላላቸው ፋይናል ከት ፕሮ በአንድ ጊዜ ክፍያ 300 ዶላር ገደማ ነው። አገር ቤት ላለ ሰው በዶላር መክፈያ ካርድ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የወር ኪራዩ በብር ሲሰላ ለቤት ተጠቃሚ የሚታሰብ አይደለም። ዩሮና ዶላር ለሚያገኙትም ቢሆን በዓመት ሁለት ጊዜ የዒድ ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ መክፈል ምን ይሉታል?

የሴቶች ክፍል ቀረጻና «ክላውድ»

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደረገ ሰው ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። በሴቶች በኩል የተቀረጸው፣ እንግዶች ሒጃባቸውን አውልቀው የተቀመጡበት ቪዲዮ፣ አማና ሆኖ ነው እጃችሁ የገባው። ሾትከት፣ ኬደንላይቭና ሪዞልቭ ሥራቸውን የሚሠሩት በእናንተው ዲስክ ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱን ዘግታችሁም ኤዲት ማድረግ ትችላላችሁ። በአካውንት የሚከፈቱት ፕሮግራሞች ግን ፕሮጀክቱን ወደ ክላውድ የመላክ አማራጭ አላቸው፤ አንዳንዱ ላይ ሳታስቡት በርቶ ይገኛል። የአጠቃቀም ውላቸውም ወደ ድርጅቱ ሰርቨር በጫናችሁት ነገር ላይ ሰፊ መብት የሚሰጣቸው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ቀረጻ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ፕሮግራም ብቻ ሥሩ፤ ሥራው ሲያልቅም ከላፕቶፑ ላይ አጥፍታችሁ ለባለቤቶቹ በእጅ አስረክቡ።

አማርኛና ዐረብኛ ጽሑፍ

ፕሮግራም ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ፈትኑ፦ ስማችሁን በአማርኛ፣ ቢስሚላህን በዐረብኛ ጻፉበትና እዩ።

አማርኛው በባዶ ሳጥኖች ከታየ የፎንት ጉዳይ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች ጫኑ፤ ዊንዶውስ ላይ ኤብሪማ የሚባለውም ፊደላችንን ይዟል። ዩኒኮድ ባልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከቆየ ሰነድ ላይ ገልብጣችሁ ብታመጡ ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ እንደገና መተየብ ነው።

የዐረብኛው ከበድ ያለ ነው። የዐረብኛ ፊደል እንደ ቦታው ቅርጹን ይለውጣል፣ ከጎረቤቱም ጋር ይያያዛል፣ የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ይህን በትክክል የማያውቅ ፕሮግራም ፊደሎቹን ነጣጥሎ፣ አንዳንዴም ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጦ ያስቀምጣቸዋል። ዐረብኛ የማያነብ ኤዲተር ልዩነቱ አይታየውም። በዚህ ዓይነት የተበላሸ የቁርኣን አንቀጽ በቪዲዮ ላይ ወጥቶ ብዙ ሺህ ሰው ሲቀባበለው አይቻለሁ፤ የሠራው ልጅ ኒያው መልካም ነበር። ፕሪሚየርን የመሰሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ደግሞ ለመካከለኛው ምሥራቅ ቋንቋዎች የሚሆነው የጽሑፍ አሠራር በሴቲንግ ውስጥ ካልተመረጠ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል።

እኔ የምከተለው መንገድ በሁሉም ፕሮግራም ላይ ይሠራል። አንቀጹን በኤዲተሩ ውስጥ አልጽፈውም። ከታመነ የሙስሐፍ ምንጭ ገልብጬ ሊብሬኦፊስ ውስጥ አስገባለሁ፤ ፎንቱን አሚሪ አደርጋለሁ፣ እሱም ነፃ ነው። በመዲና ያለው የንጉሥ ፋህድ የቁርኣን ማተሚያም የሙስሐፉን ፎንቶች በዲጂታል አውጥቷል። ከዚያ ጽሑፉን ጀርባው ባዶ በሆነ የፒኤንጂ ምስል አወጣውና በታይምላይኑ ላይ ከቪዲዮው በላይ ባለው መስመር አስቀምጠዋለሁ። ምስል ስለሆነ ፕሮግራሙ ፊደሉን ሊነካው አይችልም። ከመልቀቄ በፊት ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ከነሐረካው ያየዋል። እጅ በመተየብ የተጻፈ አንቀጽ ግን ፎንቱ ቢያምርም አልጠቀምም።

ድምፅ

የመስጂድ ደርስ የቀረጹ ሰዎች በጣም የሚማረሩት በድምፅ ነው። ከፍ ያለ ጣራና ግድግዳ ድምፁን ስለሚመልሰው ከርቀት የተቀመጠ ስልክ የሚይዘው ማሚቶ ነው። ይህንን ኤዲቲንግ አያስተካክለውም፤ የሚያስተካክል መስሏችሁ ውድ ፕሮግራም እንዳትገዙ። መፍትሔው ቀረጻው ላይ ነው፦ ሁለተኛ ስልክ በተናጋሪው አጠገብ ማስቀመጥ፣ ወይም በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ። ቀረጻው ሲጀመር አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ኋላ ላይ የሁለቱን ስልኮች ድምፅ በዚያ ጭብጨባ ታጋጥሙታላችሁ። የፋን ወይም የጄኔሬተር ወጥ የሆነ ጉምጉምታ ግን ይወገዳል። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የድምፅ ፕሮግራም ውስጥ ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውን ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ ማንም የማይናገርበትን ሁለት ሰከንድ ምረጡለት፣ ከዚያ ሙሉው ላይ ተግብሩት። አብዝታችሁ ካደረጋችሁት ሰውየው ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ይመስላል።

ከዝግጁ ቴምፕሌቶች ጋር ሙዚቃ ተያይዞ እንደሚመጣም አትርሱ። ኢፌክቱን ብቻ ፈልጋችሁ ስታስገቡ ሙዚቃው ከኋላ ይገባል፤ ከመልቀቃችሁ በፊት በጆሮ ማዳመጫ ከዳር እስከ ዳር ስሙት።

መላኪያው ላይ ሲደርስ

አንዳንዴ ጭራሹን ኤዲት ማድረጊያ አያስፈልግም። ደርሱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን አሥር ደቂቃና መጨረሻውን መቁረጥ ብቻ ከሆነ ሎስለስከት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቪዲዮውን እንደገና ሳይሠራ በደቂቃ ውስጥ ይቆርጠዋል። መቁረጫው አንድ ሁለት ሰከንድ ሊዛነፍ ይችላል፤ ጥራቱ ግን ቅንጣት አይቀንስም። በ4 ጊጋባይት ላፕቶፕም ይሠራል።

ኤዲት ያደረጋችሁትን ስታወጡ ኤምፒ4 እና ኤች.264 የሚለውን ምረጡ፤ የትኛውም ስልክ ይከፍተዋል። የፋይሉን መጠን የሚወስነው ቢትሬት ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው፦ በሰከንድ የሚፈሰውን ሜጋቢት ለ8 አካፍላችሁ በሰከንዶቹ ብዛት ታባዛላችሁ። በ1080ፒ በ8 ሜጋቢት የወጣ የአንድ ሰዓት ተኩል ደርስ 5.4 ጊጋባይት ይሆናል። ቴሌግራም በነፃ የሚቀበለው እስከ 2 ጊጋባይት ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ የሚናገርበት ቪዲዮ ብዙ እንቅስቃሴ ስለሌለው በ720ፒ በ2.5 ሜጋቢት ብታወጡት ከነድምፁ 1.8 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ያልፋል፤ በስልክ ለሚያየው ሰው ልዩነቱ አይታወቅም፣ ዳታውም ይቆጥብለታል። አውጥታችሁ የጨረሳችሁትን ለማሳነስ ሀንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ።

ከየት ይውረድ?

ነፃ ነው ማለት ከየትም ይወረዳል ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ሙቪ ሜከርን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2017 አቆመው፤ ሰው ግን መፈለጉን አላቆመም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኢሴት የተባለው የደኅንነት ድርጅት እንዳጋለጠው አጭበርባሪዎች በፕሮግራሙ ስም ድረ ገጽ ከፍተው በጉግል ፍለጋ ከላይ ወጥተው ነበር። የሚወርደው ፕሮግራም በትክክል ይሠራል፤ ሥራው አልቆ ሴቭ ሲባል ወደ 30 ዶላር ይጠይቃል። ድሮ በነፃ የነበረውን ማለት ነው። ስለዚህ የፍለጋ ውጤቱ ላይ ማስታወቂያ የሚል ምልክት ያለውን እለፉ፤ የፕሮግራሙን አድራሻ ራሱ ከሠሪው ገጽ አውጡ፤ ጫኑ ሲባል አንቲቫይረስ አጥፉ የሚል መመሪያ ካለው እዚያው ሰርዙት።

ከካሜራው ካርድ ላይ ደግሞ ቪዲዮው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሳይቀመጥ ምንም አታጥፉ። አንዱ ላፕቶፑ ከሆነ ሌላው ከላፕቶፑ ተነቅሎ የሚቀመጥ ዲስክ ይሁን፤ ተሰክቶ የቆየ ዲስክ ራንሰምዌሩ አብሮ ይቆልፈዋል።

ፋይሉ የተቆለፈበት አንባቢ ካለ፣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና የደኅንነት ድርጅቶች በ2016 የከፈቱትን ኖ ሞር ራንሰም የተባለውን ድረ ገጽ ይመልከት፤ ናሙና ፋይል ሲሰጠው የቫይረሱን ዓይነት ለይቶ መፍቻ ካለ በነፃ ይሰጣል። የተቆለፈውንም ፋይል አይሰርዘው፤ መፍቻው ከዓመታት በኋላ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የኒካሑ ቪዲዮ እኔ ዘንድ አሁንም እንደተቆለፈ በአንድ ዲስክ ላይ አለ። በየጥቂት ወሩ እየገባሁ አያለሁ።